ዘጠና አራት ቁልፍ

ሥራዬ መጻፍ ነው፣ የሴኔቱን ቃል፤
የተወሰነው ሁሉ በብዕሬ ያልፋል።
የሆነው ግን ሌላ ነው፤
እሱን የሚያውቀው
ዝናቡ ነው፣ በር ጠባቂው ነው።

ኤቫሪስቶ ይባላል፤ ከወገቡ ቀለበት
ዘጠና አራት ቁልፍ አለ የሚንኳኳበት።
ኮሪደሩን ሲያቋርጥ የሰማ ተማሪ
«ዩኒቨርሲቲው መጣ!» ይላል እንደ አዋጅ ነጋሪ።

የመጀመሪያው ቁልፍ፣ ዝጎ የጠቆረ፣
የጨው መጋዘን በር ይከፍት ነበረ፤
በደቡብ ቺሌ ዳር፣ ዝናብ በማይታጣው፣
ጭጋግ ደሴቱን ውጦ መልሶ በሚያወጣው፣
አርባ ሁለት ተማሪ ባንድ በሚያፈስ ጣራ፤
ሕጉም አንድ ገጽ ነበር፣ ሲነበብ የጠራ፦
«ከየግንዱ ሽያጭ አንድ ሳንቲም ይቆረጥ፤
ቤቱ የሕዝብ ነው፤ ለማንም አይሸጥ።»
ግንደ ቆራጭ ከፈለ፤ ፊርማው አውራ ጣቱ፤
ፊደል ባልቆጠረ እጅ ቆመ የፊደል ቤቱ።

ከዚያ ቁልፍ ቁልፍን ወለደ።
የደን ትምህርት ክፍል አፈርን ወለደ፣
አፈር ኬሚስትሪን፤
ኬሚስትሪ ካፈር ጋር በወንበር ተጣላ፤
አስታራቂ ጠፍቶ ዲን ተሾመ ሌላ።
ዲኑ ጸሐፊ ፈለገ፣ ጸሐፊው በር፣
በሩ ጓጉንቸር።

አንድ ዘመን ደግሞ ኮሎኔል ሬክተር ሆነ።
ሰባት ዓመት ሴኔቱ አልተሰበሰበም፤
መዝገቡን ብትገልጡ ያ ዘመን ነጭ ነው፣ አንዳች አልተጻፈበትም።
የፍልስፍና ክፍል ቁልፍ ጠፋ ተባለ።
አልጠፋም፤ ኤቫሪስቶ፣ ያኔ ለጋ ጽዳት ሠራተኛ፣
በጫማው ሶል ሥር ይዞት ይመላለስ ነበር።
ለዚህ ነው የሚያነክሰው ይላሉ።
እሱ ግን «ሪህ ነው» ይላል።

ኮሎኔሉ ሲሄድ ወንበር ተቆጠረ፦
ለመምህራን ሠላሳ፣ ለተማሪ ስምንት፣
ለሠራተኛው ሁለት፤ እሱም ከበር አጠገብ፣
ብርድ ከሚገባበት።

አምና በሰኔ ክሎሪንዳ ካትሪላፍ መጣች
ከደሴቱ በጀልባ፤
የታመመ ድንች በሱፍ ሻርፕ ጠቅልላ፣
እንደ ሕፃን አቅፋ።
ፋኩልቲው፦ «ይህ የኢንስቲትዩቱ ነው» አላት።
ኢንስቲትዩቱ፦ «ተጠሪነታችን ለምክትል ሬክተሩ ነው፤ እዚያ አመልክቺ።»
ከምክትል ሬክተሩ ቢሮ ወረፋ ቁጥር ሰጧትና
«በየትኛው ፕሮጀክት ነው የመጣሽው?» አሏት።
ቁጥሩ በእጇ ቀረ፤
ድንቹ መላሸቅ ጀመረ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች።
«አባቴ ግንድ ይቆርጥ ነበር» አለችው ለበር ጠባቂው፤
«ስለዚያች ሳንቲም አጫውቶኛል።
ከዚህ ሁሉ በር
የኔ የቱ ነበር?»

ቀለበቱን አዞረ፣ ቁልፍ በቁልፍ ዳሰሰ፤
እያነከሰ መርቷት ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ።

እዚያ ፕሮፌሰር ኦርቴንሲያ፣
አሥራ ሰባት ዓመት ድንች ስትቆጥር የኖረች፣
የጋዋኗ ኪስ የተቀደደ፣
ድንቹን ሰንጥቃ አሸተተች። ዝም አለች።
«ሦስት መቶ ዝርያ አለኝ፤ ይህን ግን አላውቀውም።
ስሙ ማነው?»
«የመነኩሲት ጉልበት ይለዋል አገሩ።»

መድኃኒት አላገኘችለትም፤ እስከ ዛሬም።
ጤነኛውን ዓይን ቆርጣ አፈር ውስጥ ቀበረች፤
ካርዱ ላይም እንዲህ ስትል ጻፈች፦
ቁጥር ሦስት መቶ አንድ። የመነኩሲት ጉልበት።
ምንጭ፦ ክሎሪንዳ ካትሪላፍ።

ታች እኛ ስብሰባ ላይ ነበርን፤
የመዋቅሩ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣
ሳጥን በሳጥን ላይ፣ ቀስት በቀስት አዝሎ።
«ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ተባለ፤
ጻፍሁ።

ከኅዳጉ ላይ ግን፣ በእርሳስ፣ ማንም በማያየው፣
«አምስት ሰዓት ከሩብ፤ አንድ በር ተከፈተ» የሚለው
የኔ ነው።